የኮምቦልቻው ገዢና የኮምፒዩተራችን ፍጥነት



ባለፈው ወር ሒሳብ ከምናስተምራቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች አንዱ ከክፍል ስንወጣ በር ላይ ጠብቆ አስቆመን። ፊቱ ጠቁሯል። ለካ ከታላቅ ወንድሙ ባገኘው ገንዘብ ዕቃውን ለየብቻ እየገዛ በቤቱ ኮምፒዩተር ገጣጥሞ ኖሯል። «ቲቸር፣ ባለ ሱቁ አጭበርብሮኛል። ሜሞሪው ላይ 3200 ተጽፏል፤ ስከፍተው ግን 2133 ነው የሚለው። ዛሬውኑ ሄጄ አፋጥጠዋለሁ» አለን።

የትም እንዳይሄድ ነገርነው። አዲስ ሜሞሪ ሲሰካ በየትኛውም ማዘርቦርድ ላይ ያለ ችግር እንዲነሳ ሲባል ዝቅ ባለው የተለመደ ፍጥነት ነው የሚጀምረው፤ በላዩ የተጻፈውን ፍጥነት እንዲሰጥ ባለቤቱ ራሱ ገብቶ ማዘዝ አለበት። ማሽኑ ሲነሳ «ዴል» የሚለውን ቁልፍ እየተጫነ ባዮስ ወደሚባለው የማስተካከያ ገጽ እንዲገባ፣ እዚያም «ኤክስ ኤም ፒ» የሚለውን መስመር ፈልጎ እንዲያበራ አስረዳነው። በማግስቱ እየሳቀ መጣ። 3200 ሆኗል። ባለ ሱቁም ያለ ስሙ ከመታማት ዳነ።

እኛ ግን አብረነው መሳቅ አቃተን። ልጁ ሊያደርግ የነበረውን እኛም በ2001 ዓ.ም. ልናደርገው ትንሽ ቀርቶን ነበርና፤ ከዚያ በኋላ ያደረግነው ደግሞ ከእርሱ የባሰ ነው። እስካሁን ለተማሪዎቻችን ያላወራነውን ዛሬ ለናንተ እናወጋለን።

ያን ጊዜ ደሴ ላይ ቀን ኮሌጅ እንማር፣ ከመግሪብ በኋላ ደግሞ ከሸኻችን ዘንድ ኪታብ እንቀራ ነበር። ዱባይ ይሠሩ የነበሩት አጎታችን በጥር ወር አንድ ካርቶን ላኩልን። ውስጡ ያገለገለ ማዘርቦርድ፣ 512 ሜጋባይት ሜሞሪ፣ ማራገቢያ፣ እንዲሁም በስፖንጅ የተጠቀለለ «ኤ ኤም ዲ አትሎን ኤክስ ፒ 2500+» የተባለ ፕሮሰሰር ነበረበት። ሣጥኑን፣ ሃርድ ዲስኩንና ያንን ከባድ ባለ ሆድ ስክሪን ከደሴ አሮጌ ዕቃ አሰባሰብን። ገንዘቡን ያበደሩን እናታችን ናቸው፤ የዕቁብ ገንዘባቸው ነበር። ሐሳባችን ገጣጥመን መሸጥ፣ ብድሩን መክፈልና በትርፉ ሁለተኛ ማሽን መሥራት ነበር።

የዚያን ዘመን አትሎን ገጥሞ የሚያውቅ ሰው ሲገጥም እንዴት እንደሚያልብ ያስታውሳል። ዛሬ ፕሮሰሰሩ በብረት ክዳን ይሸፈናል። የያኔው ግን መሐሉ ላይ ጥፍር የምታህል ራቁት ሲሊከን ብቻ ናት። ሙቀት የሚስበው ብረት በጠንካራ መቆንጠጫ እላይዋ ላይ ይጫናል፤ እጅ ትንሽ ካጋደለ ጥግዋ ይሰበርና ሁሉም ነገር እዚያው ያበቃል። ቢስሚላህ ብለን በመፍቻ ጫፍ መቆንጠጫውን ስንጫነው እናታችን በሩ ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን ውጠው ነበር። ቀጭ ብሎ ገባ። አልሐምዱሊላህ!

ደስታችን የቆየው ስክሪኑ እስኪበራ ነው። 2500 የጠበቅንበት ቦታ ላይ 1100 ይላል። እናታችን ቁጥሩን ሲሰሙ «ወንድሜን አታለውታል» ብለው ተቀመጡ። እኛም ከእርሳቸው አልተሻልንም። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ አንዳንድ አጭበርባሪ ነጋዴዎች ከፔንቲየም ፕሮሰሰሮች ላይ የፋብሪካውን ጽሑፍ ፍቀው ከፍ ያለ ቁጥር እያተሙ ይሸጡ እንደነበረ አንብበናል። ስለዚህ ጥፋተኛውን አገኘነው፤ ዱባይ ያለ አንድ የማናውቀው ሰው! አጎታችን ሄደው እንዲጣሉ ልንደውል ስልክ ይዘን ነበር። የጥሪ ካርዱ ሒሳብ አለመኖሩ አዳነን።

በዚያች ሌሊት በካርቶኑ ሥር የነበረችውን የማዘርቦርድ መመሪያ በመዝገበ ቃላት እየታገዝን አነበብናት። ነገሩ ማባዛት ሆኖ ተገኘ። ማዘርቦርዱ የሚመታው ምት አለ፤ ኤፍ ኤስ ቢ ይሉታል። ፕሮሰሰሩ ደግሞ የራሱ አባዢ ቁጥር አለው። በመንዙማ ላይ ድቤው አንድ ጊዜ ሲመታ ጭብጨባው ብዙ ጊዜ እንደሚፈጥን፣ የኛዋም ፕሮሰሰር በአንድ ምት ውስጥ 11 እርምጃ ትሄዳለች። ማዘርቦርዱ ምን እንደተሰካበት እርግጠኛ ካልሆነ ለጥንቃቄ 100 ሜጋኸርትዝ ይመታል፤ 100 በ11 ሲባዛ 1100 ነው። ለእርሷ የተሠራላት ምት ግን 166 ነው፤ ይህም 1833 ይሰጣል። (ተማሪዎቻችን 166 ሲባዛ በ11 እኮ 1826 ነው ብለው እንዳይዙን፣ 166 ተብሎ የሚጻፈው 166 ከሁለት ሦስተኛ ነው።)

2500ስ የት አለ? የትም የለም። ኤ ኤም ዲ በ2001 እ.ኤ.አ. አትሎን ኤክስ ፒን ሲያወጣ የምርቱን ስም በሜጋኸርትዝ መጥራት ትቶ በሥራው ልክ ይመጥነዋል ያለውን ቁጥር ሰጠው። የፔንቲየም 4 ምት በቁጥር ከፍ ያለ ነበር፤ አትሎን ግን በአንድ ምት ብዙ ሥራ ይሠራል። ስለዚህ 2500+ ስም እንጂ ልኬት አይደለም። ይህን ባለማወቃችን ምንም ያላጠፋ ሰው ሌባ ልንል ነበር።

ባዮስ ገብተን 166 ብለን አዘዝን፤ 1833 ሆነ፤ ስሙም 2500+ ተብሎ ተጻፈ። በማግስቱ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ እንደገና 1100! ቀኑም ወደኋላ ብዙ ዓመት ተመልሷል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ሞታ ኖሯል፤ ማሽኑ ከመብራት ሲለይ የታዘዘውን ሁሉ የምታስታውስለት እርሷ ናት። ፒያሳ ካለ ሰዓት ጠጋኝ ሲ አር 2032 የተባለችውን ገዝተን ተካናት። እስከዚህ ድረስ ሥራችን ንጹሕ ነበር።

ባዮሱ ላይ ግን ከ166 በታች ሌላ መስመር አለ፤ 200 ይላል። 200 በ11 ሲባዛ 2200። መመሪያዋ መጨረሻ ገጽ ላይ የፕሮሰሰሮች ሠንጠረዥ ነበረና ጣታችንን አስሄድንበት፦ 2200 ሜጋኸርትዝ፣ አባዢ 11፣ ምት 200፣ ስሙ አትሎን ኤክስ ፒ 3200+። ከኛዋ ጋር አንድ ዓይነት ሲሊከን፣ አንድ ዓይነት 512 ኪሎባይት ካሽ ያላት እኅቷ ናት። ልዩነቱ ፋብሪካው ፈትኖ ለ2200 ዋስ መሆኑና አለመሆኑ ነው። አጎታችን የላኩት ሜሞሪም 200ውን የሚችል ዓይነት ነበር። አንድ መስመር ወደታች ወርደን አስገባን። ማሽኑ ጠፍቶ ተነሳ። ስክሪኑ ራሱ፣ እኛ ምንም ሳንጽፍበት፣ «ኤ ኤም ዲ አትሎን ኤክስ ፒ 3200+» ብሎ አሳየን።

አንባብያን ያን ደስታ እንድትረዱልን እንፈልጋለን። በወቅቱ ብዙ ወጣቶች በመላው ዓለም በዚህችው ፕሮሰሰር ይህንኑ ያደርጉ ነበር፤ በራስ ማሽን ላይ፣ በራስ ኪሳራ ከሆነ ነውርም የለበትም። እኛም ከመሸጣችን በፊት መፈተን እንዳለበት እናውቅ ነበር። ፕራይም 95 የሚባል ፕሮግራም አለ። ጆርጅ ዎልትማን የተባለ አሜሪካዊ በ1996 እ.ኤ.አ. በጣም ግዙፍ የሆኑ ብቸኛ ቁጥሮችን ለመፈለግ ያወጣው ነው። ለፈተና የሚመቸው መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ሒሳብ ለማሽኑ ሰጥቶ መልሱን ስለሚያመሳክር ነው። የማሽን ፍጥነት ከልኩ ሲያልፍ ሁልጊዜ ወዲያው ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ አንዳንዴ ቀጥሎ ይሠራል፣ ግን ይሳሳታል። ልጅ ሳለን ቁርኣን ያቀሩን የነበሩት ኡስታዝ በሐድር ፍጥነት የሚሮጥና ሐርፍ የሚውጥ ልጅ ሲያጋጥማቸው ከመጀመሪያው በተሕቂቅ ይመልሱት ነበር። ልጁ ራሱ መዋጡን አያውቅም፤ የሚያውቀው ጥሩውን ንባብ የሚያውቀው ሰሚ ነው።

ፕሮግራሙን ሌሊቱን ሙሉና ቀኑን ማስኬድ ይመከራል። እኛ ከዒሻ በኋላ ለአንድ ሰዓት አስኬድነው። የጥር ብርድ፣ ደሴ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጋቢ ለብሰን። (ከፍታው አየሩን ስለሚያሳሳው ማራገቢያውን ያደክመዋል፤ ብርዱ ግን ያንን ከበቂ በላይ ይክሰዋል።) ስሕተት አልታየም። በቃ አልን።

በየካቲት አንድ አዛውንት ሐጂ ከኮምቦልቻ መጡ። ለልጃቸው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ሊከፍቱላት ነበር። ስለ ኮምፒዩተር የሚያውቁት የለም፤ ግን የሚያውቅ ሰው ጠይቀው በቁራጭ ወረቀት አስጽፈው መጥተዋል። ማሽኑን ስናስነሳው መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ተጠጉና ወረቀታቸውን እያመሳከሩ «3200 ነው የሚል ልጄ?» አሉን።

«አዎን ይላል» አልን።

ይላል! ቃሏን ዛሬም እናስታውሳታለን። ነው አላልንም። ዋሽተናል ብሎ የሚከሰን የለም፤ ማሽኑም በዚያች ደቂቃ በእርግጥ በ2200 እየሄደ ነበር። በ2500+ ቢሆን 3,400 ብር ልንጠይቅበት ያሰብነውን በ3,800 ሸጥነው። ለእናታችን ብድራቸውን መለስን፤ ከፍ ባለ ዋጋ መሸጡን ሲሰሙ መርቀውን ነበር።

ግንቦት ላይ ሐጂ ደወሉ። ማሽኑ ይደርቃል፣ ሰማያዊ ገጽ ያወጣል፣ በተለይ ከቀትር በኋላ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ መጥተን እንድናይላቸው ብቻ ጠየቁን። ስልኩን እንደዘጋን ቀድሞ የመጣብን በዚያው ሰሞን ከሸኻችን ዘንድ የጨረስነው የሽያጭ ምዕራፍ ነው። እዚያ ተስሪያ የሚባል አለ፤ ለገበያ የምትወጣን ከብት ጡቷ ሞልቶ እንዲታይ ቀደም ብሎ ሳያልቡ ማቆየት። ለገዢው የመመለስ መብት ይሰጠዋል። ስንቀራው ስለ ገጠር ሰው የሚናገር መስሎን ነበር። ጡቷ ውስጥ ያለው ወተትም እኮ እውነተኛ ወተት ነው። ነገር ግን የየዕለቱ ወተቷ አይደለም።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን ቁልቁለት ነው፣ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ሚኒባሱ በወረደ ቁጥር መስኮት ይከፈታል፣ ሹራብ ይወልቃል። እኛ በየመታጠፊያው ፕሮሰሰሯን ነበር የምናስበው። በፋብሪካው ሰነድ ለ2500+ የተሰጠው ከፍተኛ ሙቀት 68 ዋት ገደማ ነው፤ ለ3200+ ወደ 77። ደሴ ላይ ይህን ልዩነት ብርዱ ደብቆልን ነበር። የክፍሉ አየር አንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፕሮሰሰሩም ያንኑ ያህል ይጨምራል፤ ከቀዝቃዛ ነገር በቀር ሙቀት የሚሄድበት የለውምና።

ቤቱ ቆርቆሮ ነው፤ ከላይ ይለበልባል። ሣጥኑን ስንከፍተው ማራገቢያው የአስፋልት ዳር አቧራ ለብሷል። እዚህ ላይ ሸይጧን ቀላል መንገድ አሳየን። አቧራውን አራግፈን፣ «ሐጂ፣ አቧራ ነው፣ በየወሩ ያስጠርጉት» ብለን የሻይ ተጠጥቶ መመለስ ይቻል ነበር። የምንሰማው ሰው የለም፤ አቧራውም በእርግጥ አለ። አራገፍነው። ሙቀቱ ጥቂት ዲግሪ ወረደ። ፕራይም 95ን አስነሳነው። ሦስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ በቀይ ቆመ፦ የማጠጋጋቱ ልዩነት ከ0.4 ማነስ ሲገባው 0.5 ሆኗል ይላል። ማሽኑ የታወቀ ሒሳብ ተሳስቷል።

ሐጂ ከበሩ ውጭ ከሰው ጋር ያወራሉ። ልጃቸው ጥግ ላይ ቆማለች፤ ወንበሩ ላይ አልነበረችም። ቀስ ብላ «ወንድሜ፣ የነካሁት ነገር አለ እንዴ?» አለችን። አንድ የኮሌጅ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ 40 ገጽ፣ ሁለት ጊዜ ስትጽፈው ሁለት ጊዜ ጠፍቶባታል። ለሠርግ ካርድ የመጡ ሰዎች ተናደው ሄደዋል። ሦስት ወር ሙሉ ማሽኑን የምታበላሸው እርሷ እንደሆነች ሲነገራት ኖራ እርሷም አምናለች። አባቷ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ የወንድማቸውን ልጅ በቦታዋ ሊያስቀምጡ ወስነዋል።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያጠፋነው 400 ብር መስሎን ነበር።

ሐጂን ጠራናቸው። ማሽኑን አጥፍተን አስነሳነውና ባዮስ ውስጥ ገብተን 200 የሚለውን በጣታችን አሳየናቸው፤ ከዚያ 166 አደረግነው። ሲነሳ 2500+ አለ። የሸጥንላቸው ይህን መሆኑን፣ 3200 ያስባልነው እኛ መሆናችንን፣ የደረቀው በዚያ ምክንያት እንጂ ልጅቱ ምንም እንዳልነካች ነገርናቸው። ለማሳጠር ሞከርን እንጂ አላጠረም፤ ምንም ስለማያውቁ ምት ምን እንደሆነ፣ አባዢ ምን እንደሆነ ሁሉንም ማስረዳት ነበረብን። በመሐል የዙህር አዛን ተባለና አብረን ሰግደን ተመለስን። ፕሮግራሙን አስነስተነው ነበር የሄድነው። በዚያ የቀን ሙቀት እስከ ዐስር ሰዓት ድረስ አንድ ስሕተት ሳያወጣ ሄደ።

400 ብሩን ከኪሳችን አውጥተን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥን፤ ከእናታችን ዳግመኛ ተበድረን የመጣነው ነው። ማሽኑን ራሱን መመለስ ከፈለጉም ሙሉውን ገንዘብ በወር ውስጥ እንደምናመጣ ነገርናቸው። ሐጂ ብሩን ሳይነኩ ብዙ ዝም አሉ።

«ይላል ነበር ያልከኝ» አሉ በመጨረሻ።

መልስ አልነበረንም። ብሩን አንድ በአንድ ቆጥረው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው ወንበሩን በእግራቸው ገፋ አደረጉላትና «ተቀመጪ» አሏት። ሌላ አልተናገሩም፤ እርሷም የጠበቀችው አልመሰለንም።

ልንወጣ ስንል ልጅቱ ደብተር አውጥታ ያ ሰማያዊ ገጽ እንዴት እንደሚከፈት እንድናሳያት ጠየቀችን። ማሽኑን ራሷ አጥፍታ አስነሳችው፤ ቁልፉን ለሁለት ጊዜ አመለጣት፣ በሦስተኛው ገባች። 166፣ 11፣ 1833 ብላ ጻፈች። ባትሪዋንም አሳየናት፤ መብራት ሲጠፋ ቀኑ ወደኋላ ከተመለሰ ባትሪዋን እንድትለውጥ፣ ሰዓት ጠጋኞች ዘንድ እንደምትገኝ ነገርናት። ጠቋሚዋን አንድ መስመር ወደታች አውርዳ 200 የሚለው ላይ አቆመችና ዞራ አየችን። ከዚያ መልሳ አወጣችው፣ ገጹን ዘጋች፣ የመመረቂያ ጽሑፉንም ከምዕራፍ አንድ መጻፍ ጀመረች። እኛ የመጨረሻው የደሴ ሚኒባስ እንዳያመልጠን ወደ መናኸሪያው ሄድን።